ቮልሳችን ምን ቀለም ነበረች?

ነገሩን የጀመረችው ዶሮዋ ናት።

ባለቤቴ አንዲት ቀይ ዶሮ አለቻት። ለፋሲካ ተገዝታ፣ በዋዜማው እንቁላል ጥላ ከቢላ ያመለጠች ብልጥ ናት። ነፍሷን ካተረፈች በኋላ ግን እንቁላሏን የት እንደምትጥል ጠፋን። ከማገዶው ሥር ፈለግን፣ ከአጥሩ ጥግ ፈለግን፣ እግዜር ይቅር ይበለንና ጎረቤትም ጠረጠርን። በሦስተኛው ሳምንት፣ ግቢያችን ጥግ በሸራ ተሸፍና አሥራ አራት ዓመት ከቆመችው ከአባቴ ቮልስ ውስጥ፣ የኋላ ወንበር ላይ፣ አሥራ አንድ እንቁላል ታቅፋ ተገኘች። በሮቹ ዝግ ናቸው፤ መስታወቶቹም ዝግ ናቸው። በየት ገባች ብለን ብንጎነበስ፣ የገባችው በወለሉ ነው። ቮልስ ባትሪዋን የምትሸከመው ከኋላ ወንበር ሥር፣ በስተቀኝ ነው። ባትሪው ዓመት በዓመት ያንጠባጠበው አሲድ ላሜራውን በልቶ፣ ዶሮ ሳትጎነበስ የምታልፍበት በር ከፍቷል።

ባለቤቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መጀመሪያ ቀዳዳውን፣ ቀጥላ እኔን አየች። «ወይ መኪና አድርጋት፣ ወይ የዶሮ ቤት አድርጋት። ሁለቱንም ሆና እዚህ ግቢ ውስጥ አትቆምም» አለች።

እኔ አባቴ ካረፈበት ጊዜ ጀምሮ «ከበዓሉ በኋላ አሠራታለሁ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከበዓል በኋላ ሌላ በዓል ስለሚመጣ ቀጠሮው ተመችቶኝ ነበር። አዲስ መኪና ልግዛ እንዳልል ሙያዬ ሒሳብ ነው፤ ደመወዜን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። አሮጌ ከውጭ ላስመጣ እንዳልል በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ተባለ። ስለዚህ በእጄ ያለችው አንዲት የ1962 ሥሪት ቮልስ ሺህ ሦስት መቶ፣ ያውም ዶሮ የሰፈረባት፣ በድንገት ንብረት ሆነች። ለባለቤቴ እንዲህ ብዬ ሳስረዳት «እንቁላሉን አውጣና ንብረትህን ጀምር» አለችኝ።

እንቁላሉን አወጣሁና ጀመርኩ።

መኪና በቤት ውስጥ የማደስ ሥራ የመጀመሪያው እርምጃ ሸራውን መግፈፍ ይመስላችሁ ይሆናል። የለም። የመጀመሪያው እርምጃ ዘመድ መሰብሰብ ነው፤ መኪናዋ የአባት ናትና። አንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ፣ ቨርጂኒያ ያለው ታላቅ ወንድሜ በስልክ ተጠርቶ፣ አጎቴ ተጋብዘው፣ ታናሽ እህቴ ከነልጆቿ መጥታ ጉባኤ ተቀመጥን። እኔ ያነሣሁት ነገር ቀላል ነበር፦ «መጀመሪያ በነበረችበት ቀለም ልቀባት አስቤያለሁ።» ሁሉም በአንድ ድምፅ «ጥሩ ነው!» አለ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል በአንድ ድምፅ የተነገረ ነገር የለም።

ታላቅ ወንድሜ ቮልሷ አረንጓዴ ናት አለ። ትምህርት ቤት ስንደርስ ልጆች «ቃሪያዋ መጣች» ይሉን እንደነበር ማንም አያስረሳኝም አለ። እህቴ ቀይ ናት ብላ ድርቅ አለች፤ ቀይ ቀሚሷን ለብሳ የተነሣችውን ፎቶ ጠራች። ፎቶው ግን ጥቁርና ነጭ ነው። አጎቴ ሁለቱንም በትዝብት አይተው «የማኪያቶ ቀለም ነበረች፤ ወንድሜ ሲገዛት አብሬው ነበርኩ» አሉ። እኔ ነጭ መሆኗን በዓይኔ እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ አሁንም ሸራው በተቀደደበት በኩል ነጭ ትታያለች።

እናቴ ቡናዋን ፉት ብላ ስኒውን አስቀመጠች። «ሁላችሁም ኋላ የተቀባውን ነው የምታወሩት» አለች። «ኦርጅናሏ ሰማያዊ ነው። በሠርጌ ቀን፣ በጥር 1963፣ አባታችሁ ከጉለሌ የወሰደኝ በሰማያዊ ቮልስ ነው። ሽማግሌዎቹም የመጡት በሷ ነው። አባቴ እኮ ‹ባለ መኪና ነው› ብሎ ነው ‹እሺ› ያለው።» በዚህ ተዘጋ። በእኛ ቤት የእናቴ ሠርግ የተጠቀሰበት ክርክር ይግባኝ የለውም። አጎቴ ብቻ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና፣ ፈንድሻ ጨምረውበት መልሰው ዘጉት። ይህን ልብ ብዬ ነበር፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

ከጉባኤው ቀጥሎ ሐኪም መጣ። ዕድሜያቸውን በቮልስ ሆድ ዕቃ ውስጥ የጨረሱ፣ አሁን ጡረታ የወጡ አንድ መካኒክ አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል፣ እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ። አንዲት ቦርሳ ይዘው መጡ። ውስጧ አምስት ቁልፍ፣ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳና የታሸገ ቆሎ አለ። መኪናዋን አልነኩም፤ ዞሯት። እንደ ለቅሶ ቤት ዝም ብለው ዞሩና «አባትህን አውቃቸዋለሁ፤ ዘይት ሳያዩ ሞተር የማያስነሱ ሰው ነበሩ» አሉ። የመካኒክ ውዳሴ ከዚህ በላይ አይሄድም።

«ጋሼ፣ ሞተሯ ይወጣል?»

«ቮልስ እኮ ሞተሯ በአራት ቡሎን ነው የተያዘው። ጥርስህ እንኳ እንዲህ በቀላሉ አይወጣም።»

እውነታቸውን ነው። ክሪክ ገባ፣ አራቱ ቡሎኖች ተፈቱ፣ ሞተሩ እንደ ሕፃን ተይዞ መሬት ላይ በተነጠፈ አሮጌ ጎማ ላይ አረፈ። ከዚያ በየካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት አንጠብጥበው ሦስት ቀን አሳደሩት። በአራተኛው ቀን የዴናሞውን ፑሌ በቁልፍ ይዘው ቀስ ብለው ሲያዞሩት ሞተሩ ከአሥራ አራት ዓመት እንቅልፉ እየተንጠራራ ዞረ። ጋሼ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፤ እኔ ምንም ሳልሠራ ላብ አጠመቀኝ።

በነዚያ ሳምንታት ስለ ቮልስ የተማርኩትን ሁሉ ብጽፍ መጽሔቱ አይበቃም። ራዲያተር የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ውሃ የማይጠጣ መኪና ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አላስረዳም። የምትጠጣው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ነው፤ ፊልትሮ እንኳ የላትም፣ ወንፊት ብቻ። ማራገቢያውን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ስለሆነ፣ ቺንጋው ተበጥሶ «ቤት እደርሳለሁ» ያለ ሰው ሞተሩን ጠብሶ ይደርሳል። የዝናብ መጥረጊያዋ ውሃ የሚረጨው በሞተር ኃይል አይደለም፤ ፋብሪካው ቱቦ ከትርፍ ጎማው ጋር አያይዞ በጎማው አየር ነው የሚያስረጨው። መስታወት ማጽዳት ያበዛ ሰው ጎማው ሲተነፍስበት ትርፍ ጎማውም ተንፍሶ ያገኘዋል። ይህን ያሰበ መሐንዲስ ቆጣቢ ነው ወይስ ቀልደኛ፣ እስካሁን አልወሰንኩም።

አራቱ ሲሊንደሮች የሚተኩሱት አንድ፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት እያሉ ነው፤ ጋሼ ይህን ለልጄ እንደ ውዳሴ ማርያም አስጠኑት። ከአራቱ ሦስተኛዋ ትግላለች፤ የዘይት ማቀዝቀዣው ፊቷ ተገትሮ አየሩን ስለሚሻማት ነው። «ሦስተኛ ልጅ ሁልጊዜ እንዲህ ናት፣ የሚደርሳት የተረፈው ነው» አለች እህቴ። ሦስተኛዋ እሷ ናት።

የአካላቷ ስም ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ቮልስ ጀርመናዊት ናት፤ እኛ ግን ስናክማት የምንናገረው ጣሊያንኛ ነው። ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ሞተሪኖ፣ ቴስታታ፣ ፓራፋንጎ፣ ማርሚታ። ጀርመን ሠራት፣ ጣሊያን ስም አወጣላት፣ እኛ ገፋናት። ይህን ቨርጂኒያ ላለው ወንድሜ ዕቃ ሳዝዘው አየሁት። «ማርሚታ ላክልኝ» ስለው እዚያ ያለው ሻጭ እንዴት ሊገባው? ፎቶ እየላክሁ፣ እሱ እያሳየ፣ በመጨረሻ ማርሚታውን ለገና ወደ አዲስ አበባ ለምትመጣ የቤተሰብ ወዳጅ ሻንጣ ውስጥ፣ ከሕፃናት ልብስ መካከል ቀበረው። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፈታሹ የብረቱን ቱቦ አውጥቶ «እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ቢላት «እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ አደራ ነው» አለች። አለፈች። አደራ የማያሳልፈው በር የለም።

አሁን ወደ ቆዳዋ እንምጣ።

ቮልስን በቤት ለሚያድስ ሰው ትልቁ ጸጋ አራቱም ፓራፋንጎዎቿ በቡሎን የታሰሩ መሆናቸው ነው፤ ፈትተህ ጓዳ ድረስ ይዘኸው ትገባለህ። እኔም አንዱን ይዤ ገብቼ፣ በባለቤቴ ትእዛዝ ይዤው ወጣሁ። ቡሎኖቹን በወተት ጣሳዎች ለያይቼ በየጣሳው ላይ «የቀኝ ፊት»፣ «የግራ ኋላ» ብዬ ጻፍኩ። ልጄ በሁለተኛው ቀን ጣሳዎቹን ከበሮ ሊያደርጋቸው ፈልጎ ቡሎኖቹን በሙሉ በአንድ ባልዲ ሰበሰባቸው። ዛሬ መኪናዋ ትሄዳለች፤ ባልዲው ውስጥ ግን አሁንም ዘጠኝ ቡሎን አለ። ጋሼ «አትጨነቅ፣ የሚያስፈልግ ቢሆን ኖሮ ወድቆ ይነግርህ ነበር» ብለውኛል።

የግራውን የኋላ ፓራፋንጎ ሳኳኳው ድምፁ የላሜራ አልሆነም፤ የግድግዳ ሆነ። በመሮ ብፈነቅለው ሁለት ጣት የሚያህል ስቱኮ ነው። ከስቱኮው ሥር ቀዳዳ፣ ቀዳዳው ውስጥ ደግሞ ተጠቅልሎ የተወተፈ ጋዜጣ ወጣ። የጋዜጣው የስፖርት ገጽ አሁንም ይነበባል። አባቴ በጊዜው ለአንድ ጋራዥ «ላሜራ ተቀይሯል» ተብሎ የከፈለበትን ደረሰኝ በኋላ ሣጥኑ ውስጥ አገኘሁት። ስሙን አልጠራም፤ ግን ሠላሳ ዓመት የኖረ ጥገና ነውና ሙሉ በሙሉም አልወቅሰውም። የዛሬ ጋዜጣ ያን ያህል አይቆይም።

የበሰበሰውን ወለልና ከበሮቹ ሥር የሚያልፈውን ባዶ ቱቦ በያጅ ቆርጦ በአዲስ ላሜራ ተካው። ይህ የቮልስ ሁሉ ሕመም ነው፤ ከኋላ ከሞተሩ የሚመጣው ሙቀት በዚያ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ፣ እርጥበቱም እዚያው ይቀራል። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ብየዳ ከሩቅ እንጂ ከቅርብ አይወራም።

ከዚያ ማሸት ጀመርኩ። ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 80፣ ቀጥሎ 120፣ ቀጥሎ እንደ ክንድ ጉልበት። ከሥራ እመለሳለሁ፣ ሱሪ እቀይራለሁ፣ አሻለሁ። የሰፈሩ ሰው በአጥሩ በር በኩል እያለፈ «በርታ» ይለኛል፣ ግማሹ ገብቶ ይመክረኛል፣ ግማሹ ወረቀቱን ነጥቆ «እንዲህ ነው» ብሎ ያሳየኛል፤ እነዚህን የመጨረሻዎቹን በጣም ነበር የምወዳቸው። በአሥር ዓመት ሰላምታ ያልሰጠኝ ጎረቤት የራሱን አባት ቮልስ አንሥቶ አንድ ሰዓት አውርቶኛል። ሁሉም ሰው አንዲት ቮልስ አለችው፤ ወይ አባቱ፣ ወይ አስተማሪው፣ ወይ የንስሐ አባቱ ነድቷታል፤ ሁሉም ደግሞ ገፍቷታል።

ወረቀቱ እየበላ ሲሄድ ቀለሞቹ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አንድ በአንድ ይገለጡ ጀመር። መጀመሪያ ነጩ፣ የኔው። ከሥሩ ቀይ ወጣ፤ ለእህቴ ፎቶ አንሥቼ ላክሁላት፣ ለሦስት ቀን በቤተሰብ መካከል እንደ ንግሥት ሄደች። ከቀዩ ሥር አረንጓዴ ወጣ፤ ቨርጂኒያ ላይ እልልታ ሆነ። ያ አረንጓዴ ግን ሌላም ነገር አስታወሰኝ። አባቴ ያስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት በሩም፣ የመስኮቱ ፍርግርግም በትክክል ይህ ቀለም ነበር፤ የታደሰውም በዚያው ሰሞን ነው። አባቴ በሕይወቱ ሳንቲም ያልነካ ሰው ስለሆነ ነገሩን አልመረምረውም። ከአረንጓዴው ሥር የአጎቴ ማኪያቶ ወጣ።

ከማኪያቶው ሥር ግራጫ አስታር፤ ከግራጫው ሥር ብረት።

ሰማያዊ የለም።

በሮቹን አሸሁ፣ የለም። ኮፈኑን አሸሁ፣ የለም። የነዳጅ ታንኩን አንሥቼ፣ የማንም ቀቢ እጅ የማይደርስበትን ላሜራ አየሁ፤ ማኪያቶ ነው። ፋብሪካው የቀለሙን ቁጥር የሚለጥፍበት የፊት ኮፈን ሥር ወረቀቷ ድራሿ ጠፍቷል፤ ብትኖርም ከዚህ የተለየ ነገር አትነግረኝም ነበር። ማታ የአባቴን የቆርቆሮ ሣጥን ከፈትኩ። ከደረሰኝና ከእድር ደብተር መካከል የድሮው ሊብሬ ወጣ። መጀመሪያ በሌላ ሰው ስም ነው። ወደ አባቴ ስም የተዛወረችው በ1965 ነው። እናቴ የተዳረችው በ1963።

ሒሳብ ሙያዬ ነው ብያለሁ፤ ይህን ሒሳብ ግን ሦስት ጊዜ ቀነስኩት።

አጎቴ ጋ ደወልኩ። «አጎቴ፣ ያቺ ሰማያዊ ቮልስ የማን ናት?» ስልኩ ውስጥ ረጅም ዝምታ ሆነ። «እሷ ነገር ገና አልተረሳችም እንዴ?» አሉ በመጨረሻ። ተረኩልኝ። ሰማያዊዋ የአባቴ የሥራ ባልደረባ፣ የሌላ መምህር ነበረች። አባቴ ለሽምግልናውም ለሠርጉም ተውሷታል። ኪራዩ ብር አልነበረም፤ ለአንድ ዓመት ሙሉ የባለ መኪናውን ተማሪዎች የፈተና ወረቀት ማረም ነው። አባቴ ሙሽራ ሆኖ በፋኖስ የሰው ፈተና ሲያርም ያመሽ የነበረው ለዚህ ነው። «እናትህ ትጉህ መምህር አገባሁ ትል ነበር» አሉ አጎቴ፣ «ምን ልበላት?»

ለእናቴ ልንገር አልንገር ብዬ አንድ ሳምንት ተቃጠልኩ። እሷ ግን ሞኝ አይደለችም፤ ከአልጋዋ በመስኮት እያየች የቀለሞቹን ቁጥር ይዛለች። አንድ ጠዋት ከዘራዋን ይዛ ወጣች፤ በተራቆተው በር ላይ ጣቷን አሳርፋ «ሰማያዊው የታለ?» አለችኝ። ሊብሬውን ሰጠኋት። መነጽሯን አደረገች። አነበበች። መልሳ አነበበች።

ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቅ ጀመር፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ፣ ዕንባዋ እስኪወርድ። «ከሠርጉ ማግሥት መኪናዋ የት ሄደች ብለው ‹ጋራዥ ገብታለች› አለኝ!» አለች። «ሁለት ዓመት! ሁለት ዓመት ሙሉ ‹ዛሬስ አልወጣችም?› እለዋለሁ፣ ‹ዕቃ ጠፍቶ ነው› ይለኛል። ስትመጣ ቀለሟ ሌላ ነው። ‹ቀብተዋት ነው› አለኝ። እኔም አመንኩ!»

ማመኗ አልገረመኝም። መኪና ጋራዥ ገብቶ ሁለት ዓመት ይቆያል ቢባል ማን ይጠራጠራል? አባቴ ውሸቱን የመረጠው በማስተዋል ነው።

«ታዲያ እማዬ፣ ኦርጅናል ቀለሟ ማኪያቶ ነው። በምን ልቀባት?»

ዕንባዋን ጠረገች። «በሰማያዊ» አለች።

እንግዲህ የሌላ ሰው መኪና ቀለም ለመቀባት ተነሣሁ። ቀለም ነጋዴው ዘንድ እናቴን ይዤ ሄጄ ከካታሎግ እንድትመርጥ አደረግኩ። ልጁ የሰማያዊ ዓይነት እየገለበጠ አርባ ያህል አሳያት። «ይሄ የፖሊስ ነው፣ ይሄ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር ነው፣ ይሄ የላስቲክ ባልዲ ነው» እያለች ጣለቻቸው። በመጨረሻ የመስከረም ጠዋት ሰማይ የመሰለ አንድ ፈዛዛ ላይ እጇን አሳረፈች። ሃምሳ ዓመት አልፎ እንዲህ ያለ እርግጠኝነት ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ እኔ ትናንት የለበስኩትን ሸሚዝ ቀለም አላስታውስም።

መርጨት ከመጀመሬ በፊት ልምምድ ያስፈልገኝ ስለነበር የሽንት ቤታችንን የብረት በር ቀባሁ። መጀመሪያ ቀለሙ ወርዶ ወርዶ እንባ ሠራ፤ አሽቼ ደገምኩ። ቀጥሎ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሸከረረ፤ አሽቼ ደገምኩ። በአምስተኛው ጊዜ ገባኝ፦ ፒስቶላውን ከላሜራው አንድ ስንዝር ማራቅ፣ ክንድን እንጂ አንጓን አለማወዛወዝ፣ አንዱን ግርፍ በሌላው ግማሽ ላይ መደረብ፣ የመጀመሪያውን ዙር እንደ ጤዛ ማሳሳት፣ ከዚያ እጅን ኪስ ከቶ መጠበቅ። ከሁሉ የከበደኝ ይህ እጅን ኪስ ከቶ መጠበቁ ነው። የሽንት ቤታችን በር አሁን ፊት ያሳያል፤ እንግዳ ሲመጣ ፀጉሩን የሚያበጥረው እዚያ ነው።

አንድ ነገር ያለ ቀልድ ልበል። ማጠንከሪያ የሚጨመርበት ቀለም ጭሱ ለሳንባ አደገኛ ነው፤ ከኮሮና የተረፈች የጨርቅ ጭንብል አትመልሰውም። ካርትሪጅ ያለው እውነተኛ ጭንብል ገዛሁ፤ ልጄንና ዶሮዋንም እህቴ ቤት ሰደድኩ።

የኋላ በረንዳችንን በላስቲክ ጋርጄ፣ አቧራ እንዳይነሣ ወለሉን ውሃ አርከፍክፌ፣ ኮምፕሬሰር ተከራይቼ ጀመርኩ። የቀኙን ጎን ጨርሼ ጣራውን አጋምሼ ሳለ መብራት ሄደ። ኮምፕሬሰሩ እንደ ደከመ በሬ ተንፍሶ ዝም አለ። ጣራው ግማሹ መስከረም፣ ግማሹ ሐምሌ ሆኖ ደረቀ። መብራት የመጣው በማግሥቱ ነው፤ እኔ ደግሞ በማግሥቱ ሥራ ቢሮ ነበርኩ።

ሁለተኛውን ቀን በጥንቃቄ መረጥኩ። ክረምቱ ወጥቷል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ነፋስ የለም፣ ጄነሬተር ተውሻለሁ። መውረስ የቻልኩት የአባቴ ጠባይ መዋስ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሬ በሦስት ሰዓት የመጨረሻውን ግርፍ አሳረፍኩ። ወደ ኋላ ሸሽቼ አየኋት፤ እርጥብ ሰማይ ነው። ጭንብሌን አወለቅኩ። አንድ ነገር ሸተተኝ። ጎረቤታችን እትዬ የዓመቱን ጥራጊ፣ ቅጠልና አሮጌ ፍራሽ ቆልለው በራቸው ላይ ለኩሰዋል። ከማዶ ያለውም ለኩሷል። ከዳገቱ፣ ከወንዙ፣ ከየአጥሩ ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ነፋስ የለማ!

ቀኑ ኅዳር 12 ነው። በ1911 ያ የኅዳር በሽታ ሰዉን ከጨረሰ ወዲህ አዲስ አበባ መቶ ዓመት ሙሉ ቆሻሻዋን በዚህ ቀን ታጥናለች። ከሦስት መቶ ስድሳ አምስት ቀን ውስጥ ይህን ቀን መምረጥ የሚችል የሒሳብ ሠራተኛ እኔ ብቻ ነኝ። ጥላሸቱ እንደ ጥቁር በረዶ ቀስ እያለ በላስቲኩ ክፍተት ገብቶ ሰማያዊው ላይ አረፈ። እትዬ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «ልጄ፣ አንተም ታጥናለህ?» አሉኝ። «አዎ እትዬ» አልኩ፣ «መኪናዬን ነው የማጥነው።»

በታኅሣሥ ደገምኩት። ያኛው ያዘ። ከዚያ 1500 እና 2000 ቁጥር ወረቀት በውሃ፣ ከዚያ ፖሊሽ፣ ከዚያ የባለቤቴ አሮጌ የጥጥ ቀሚስ፣ እሱም ሳላስፈቅድ። የወጪ መዝገብ ይዤ ነበር፤ በሰባተኛው ገጽ ላይ የደመርኩትን አይቼ ደብተሩን እንደ አዲስ ዕቃ ሸፍኜ አስቀመጥኩት። በቤት መሥራት ርካሽ ነው የሚሉ ሰዎች የሽንት ቤት በር አልቆጠሩም።

ሞተሩ ተመልሶ በአራት ቡሎኑ ገባ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ በቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ነዳጅ ይበዛበትና ጥቁር ያስላል። ጋሼ ጂግለሩን አሳንሰው፣ ረጅሙን ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። «ትተነፍሳለች» አሉና ቆሏቸውን ከፈቱ።

ጎረቤታችን ያለ አንድ ወጣት ኤሌክትሪክ መኪና አለው፤ ቮልስዋገን አይዲ 4፣ ከቻይና የመጣች። ሞተር ስናስነሣ ድምፁን ሰምቶ መጣ። የሱ መኪና ስክሪኗ ቻይንኛ እየጻፈበት እስካሁን ግማሹን ምልክት በግምት ነው የሚነዳው። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁመን አየናቸው። የአንድ ፋብሪካ ልጆች ናቸው፤ የሱ ቻይንኛ ትናገራለች፣ የኔዋ ጣሊያንኛ፤ ጀርመንኛ የቀረላት የለም። ጋሼ ጎንበስ ብለው የአዲሷን ሥር አዩ። «ሞተሯ የት ነው?» አሉ። «ከኋላ ነው ጋሼ» አለ ልጁ። «እና ምኑ ነው አዲስ?» አሉ ጋሼ። የኛዋ ዓይነት በየካቲት 9 ቀን 1964 ፎርድ ሞዴል ቲን በብዛት በልጣለች፤ የመጨረሻዋ፣ 21,529,464ኛዋ፣ ከሜክሲኮዋ ፑዌብላ የወጣችው ሐምሌ 23 ቀን 1995 ነው። ይህን ለልጁ ስነግረው «ይቺስ ስንተኛዋ ናት?» አለኝ። ይህን እንኳ አላሰብኩትም ነበር።

አሮጌው የኋላ ወንበር ከነሽታው ለዶሮዋ ተሰጥቷል። ምንጣፍ አለው፣ ምንጭ አለው፤ ከኔ ፍራሽ ይሻላል።

ሊብሬው ላይ «ነጭ» ተብሎ ስለተጻፈ ቀለሙን ለማስለወጥ ሄድኩ፤ ሦስት መስኮት፣ ሁለት ቀጠሮ፣ አራት ፎቶ ኮፒ ፈጀ። ቦሎዋንም አወጣሁ። በመጀመሪያው እሑድ እናቴ ሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ቤተ ክርስቲያን ልሳም ብላ ከፊት ወንበር ተቀመጠች። ስትገባ ጣራውን ዳሰሰች፤ ምንም አላለችም። ቁልቁለቱን ወረድን፣ ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ እያቃሰትን ወጣን፣ ነዳጅ ልንቀዳ ማደያ ቆምን። ቀጂው ልጅ መቅዳቱን ረስቶ መኪናዋን ይዞራል፤ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣት።

«ፋዘር፣ ኦርጅናል ቀለሟ ነው?» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ፤ የሊብሬው፣ የማኪያቶው፣ የፈተናው ወረቀት ነገር ሁሉ ምላሴ ላይ ተደርድሯል። እናቴ ግን የመስታወቱን እጀታ ቀስ እያለች አዙራ ዝቅ አደረገችው።

«አዎ ልጄ» አለችው። «እኔን ያመጣችኝ ቀንም እንዲሁ ነበረች።»